የዋግ ካህን ሥልጣንና ልጓም

ከ800 ዓመት በፊት ገደማ ስለ ግብፅ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት የሚተርክ አንድ የዐረብኛ መጽሐፍ ተጽፏል። መጽሐፉ ለረጅም ጊዜ አቡ ሳሊህ በሚባል አርመናዊ ስም ሲጠራ ኖሮ፣ የኋላ አጥኚዎች አቡ አልመካሪም ለሚባል ግብጻዊ ክርስቲያን ሰጥተውታል። ደራሲው ስለ ሐበሻ ነገሥታት የሰማውንም አስፍሯል። እንደ እሱ አባባል የሐበሻ ነገሥታት ሁሉ ካህናት ናቸው፤ መቅደስ ገብተው ይቀድሳሉ። አንድ ገደብ ግን አለባቸው፦ ንጉሡ በገዛ እጁ ሰው ከገደለ ከዚያ ወዲያ ቅዳሴ መቀደስ አይችልም። ዙፋኑ ይቆይለታል፣ መቅደሱ ግን ይዘጋበታል።

ወሬው ከዛግዌ ነገሥታት ዘመን ጋር ይገጥማል፤ የዛግዌ አገር ደግሞ ላስታና ዋግ ነው። ከላሊበላ በስተሰሜን በዋሻ ውስጥ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ያሠራው ይምርሐነ ክርስቶስ ንጉሥም ካህንም ተብሎ ይዘከራል። ሰቆጣ ተቀምጠው ዋግን ሲገዙ የኖሩት ዋግሹሞችም ዘራቸውን ከዛግዌ ይቆጥሩ ነበር፤ ከመካከላቸው ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሧል። ከሰቆጣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ፣ ከአለት በተፈለፈለው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን፣ የዋግ ባላባቶች አስከሬን በሣጥን እንደተቀመጠ አለ።

ዛሬ በዋግ ካህን አይነግሥም። እንደ ጎረቤቶቹ ያርሳል፤ ዝናብ ሲቀር እንደ ጎረቤቶቹ ይራባል። ሥልጣኑ ግን ቀላል አይደለም። ሕፃን ሲወለድ የሚያጠምቀው፣ ሰው ሲሞት ጸሎተ ፍትሐት የሚያደርሰው፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚጠራው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሥልጣን ደግሞ ትዕቢትን ይጠራል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ይህን ስለምታውቅ የካህኑን ትሕትና ለጠባዩ ብቻ አልተወችውም፤ በሥርዓቷ ውስጥ ብዙ ልጓም አበጅታለታለች። ጥሩ ካህን ሲገጥመን «ሰውዬው ደግ ነው» ብለን እናልፋለን፣ መጥፎ ሲገጥመን «ዘመኑ ነው» እንላለን። ልጓሙን ግን ብዙ ጊዜ ልብ አንለውም።

በመጀመሪያ ማን ምን እንደሆነ እንይ። በገጠር ደብር ዲያቆኑ አብዛኛውን ጊዜ ገና ልጅ ነው፤ ቄሱን በቅዳሴ ይረዳል። ቄስ የሚሆነው በጳጳስ እጅ የተሾመ ሰው ነው፤ ማጥመቅ፣ መቀደስ፣ ኑዛዜ መቀበልና ማናዘዝ የእሱ እንጂ የዲያቆኑ አይደለም። እስከ 1921 ዓ.ም. ድረስ ጳጳስ ሁሉ ከግብፅ የሚመጣ ስለነበር የዋግ ልጅ ዲቁና ወይም ቅስና ለመቀበል አቡኑ ወዳሉበት ሩቅ አገር መጓዝ ነበረበት። ዛሬ ዋግ፣ በአሁኑ ስሙ ዋግ ኽምራ፣ የራሱ ሀገረ ስብከት አለው። ከቄሱ ጎን መሪጌታው ወይም ደብተራው አለ፤ ዜማውን፣ ቅኔውንና አቋቋሙን የያዘ ነው። ቄሰ ገበዙ የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳት ይጠብቃል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በትምህርት ከተመዘነ ብዙ ጊዜ ደብተራው ከቄሱ ይበልጣል፤ ዳዊትና ቅዳሴ ብቻ ተምሮ የተቀሰሰ ሰው ቅኔ ከተቀኘ መሪጌታ ፊት አንገቱን ይደፋል። ያው መሪጌታ ግን ለኑዛዜ ሲቀርብ ከቄሱ እግር ሥር ይንበረከካል። ዕውቀቱና ሥልጣኑ በአንድ ሰው እጅ አልተጠቃለሉም።

ትምህርቱም ራሱ ትዕቢትን እንዲሰብር ተደርጎ የተሠራ ይመስላል። የቆሎ ተማሪ ከዘመድ አዝማድ ርቆ ይሄዳል። አባቱ ሀብታም ገበሬ ቢሆንም ልጁ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እየጮኸበት በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ይውላል። ነገ መስቀሉን የሚያሳልማቸው ሰዎች ዛሬ ቁራሽ ይወረውሩለታል ወይም «እግዜር ይስጥልን» ብለው ይሸኙታል። በዚህ ሥርዓት ላይ ብዙ ቅሬታ አለ። ረኃቡና በሽታው ከባድ ነው፤ ልጆችን ለእንዲህ ያለ ችግር ማጋለጥ ተገቢ አይደለም የሚሉም አሉ፤ እኔም ክርክራቸውን ቀላል አድርጌ አላየውም። የሚያስተምረው ነገር ግን ግልጽ ነው፦ አገልጋይ የሚበላው ከሚያገለግለው ሕዝብ እጅ ነው።

ወደ መቅደሱ ስንገባ ሌላ ልጓም እናገኛለን። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት አንድ ቄስ ብቻውን ቅዳሴ መቀደስ አይችልም። ቢያንስ አምስት ልዑካን ማለትም ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋሉ። ቄሱ የቱንም ያህል ቢከበር፣ ድምፁ ቢያምር፣ ዘሩ ቢረዝም፣ ሌላው ቄስ ከታመመና ምትክ ከጠፋ የዚያ ቀን ቅዳሴ የለም። በዋግ ተራራና ሸለቆ፣ አንዱ ደብር ከሌላው የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅበት አገር፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ካህናት ቢጣሉም ለቅዳሴ ሲሉ መታረቅ አለባቸው፤ ተኳርፎ መቀደስ ደግሞ በሥርዓቱ የተከለከለ ነው።

ጋብቻውም እንዲሁ በሥርዓት የታሰረ ነው። ዲያቆኑ ቅስና ከመቀበሉ በፊት በሥርዓተ ተክሊልና በቁርባን ያገባል፤ ከተሾመ በኋላ ማግባት አይቻልም። ሚስቱ ብትሞት ዳግመኛ ማግባት ክህነቱን ያሳጣዋል፤ ስለዚህ ወይ ይመነኩሳል ወይ ብቻውን ይኖራል። ከክህነት ወርዶ ሌላ ሚስት አግብቶ በድብትርና የሚያገለግልም አለ። የቄሱ ሚስት በመንደሩ ዓይን ሥር ናት፤ ቄሱም ከትዳሩ ውጭ ቢገኝ የሚያጣው ስሙን ብቻ ሳይሆን ሥራውንም ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ወደ ንስሐ አባት። ኦርቶዶክስ ክርስቲያን የሆነ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ንስሐ አባት እንዲኖረው ይጠበቃል። ወንድ ሕፃን በ40 ቀኑ፣ ሴት ሕፃን በ80 ቀኗ ሲጠመቁ የክርስትና ስማቸውን የሚያውቀው እሱ ነው፤ ከብዙ ዓመት በኋላም በጸሎተ ፍትሐት ላይ የሚጠራው ያው ስም ነው። በየጊዜው ቤቱን ጠበል ይረጫል፣ የማኅበሩን ጽዋ ይባርካል፣ ለተዝካሩ ይጠራል። ከሁሉ በላይ ግን ኑዛዜ ይቀበላል።

ኑዛዜው ብዙ ሰው እንደሚፈራው የፍርድ ቤት ምርመራ አይደለም። ሰውየው ኃጢአቱን በአንደበቱ ይናገራል። ካህኑ ሰምቶ ቀኖና ይሰጠዋል፤ ቀኖናው እንደ ኃጢአቱና እንደ ሰውየው አቅም ጾም፣ ስግደት፣ ምጽዋት ወይም ጸሎት ሊሆን ይችላል። ሰውየው ቀኖናውን ሲፈጽም ካህኑ ከኃጢአት ማሰሪያ ይፈታዋል፤ ሥጋ ወደሙ እንዲቀበልም ይፈቅድለታል። «እንደ አቅሙ» የሚለው ነገር ሁሉን የሚወስን ነው። ለጎልማሳ ገበሬ የሚሰጥ ስግደት ለአሮጊት አይሰጥም። የሚመጸውተው የሌለውን ሰው ምጽዋት ማዘዝ ቀኖና ሳይሆን ሸክም ነው። ጥሩ ንስሐ አባት የሚለየው እዚህ ላይ ነው፦ የቤቱን ጓዳ ያውቃል።

ምስጢሩም የእሱ አይደለም። የሰማውን ለሚስቱም፣ ለሌላ ካህንም፣ ለዳኛም አይናገርም። በትንሽ መንደር፣ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት አገር፣ የሁሉን ነውር የሚያውቅ ሰው ምን ያህል ኃይል ሊኖረው እንደሚችል አስቡት። ሥርዓቱ ይህን ኃይል በአንድ ቀላል ግን ጠንካራ መንገድ ይይዘዋል፦ ቄሱ ራሱም ንስሐ አባት አለው። በሌላ ቄስ ፊት ተንበርክኮ ይናዘዛል፣ ቀኖና ይቀበላል፣ ይሰግዳል። ጳጳሱም እንደዚያው። በላዩ ማንም የሌለበት ንስሐ አባት የለም።

ዋግ ላይ ለንስሐ አባቱ ሌላም ሥራ ይጨመርለታል። በገጠሩ ብዙ ቤት የሚነጋገረው በኽምጥኛ ነው፤ ቅዳሴው በግእዝ ነው፤ ስብከቱ አብዛኛውን ጊዜ በአማርኛ ነው። ስለዚህ ገበሬው ስለ ሃይማኖቱ የሚጠይቀውን ጥያቄ በገዛ ቋንቋው የሚመልስለት ከመድረኩ ይልቅ ቤቱ የሚመጣው ንስሐ አባት ነው። ከሰቆጣ ደጋ እስከ ተከዜ ቆላ ያለውን ቁልቁለት በእግሩ የሚወጣና የሚወርድ ካህን የሚያስተምረው በመንገድ ላይና በምድጃ ዳር ነው።

በደም ጉዳይም ይጠራል። ሰው ከተገደለና የሟች ወገን ሊበቀል ከተነሣ፣ ሽማግሌዎች ካህናትን አስቀድመው መስቀል አስይዘው በመካከል ይገባሉ፤ ደም እስኪደርቅ ድረስ ይመላለሳሉ። ሽምግልናው የሚሳካው ካህኑ ከሁለቱም ወገን ስላልሆነ ብቻ አይደለም። በእጁ ደም ሊኖር የማይፈቀድለት ሰው ስለሆነ ነው፤ ግብጻዊው ደራሲ ስለ ነገሥታቱ የጻፈው ገደብ በእያንዳንዱ ቄስ ላይ እስከ ዛሬ ይሠራል። ሰው የገደለ ሰው ቄስ ሊሆን አይችልም፤ ቄስ ሆኖ የገደለም ክህነቱን ያጣል።

ከዚህ ጎን ግን አደገኛው መሣሪያ አለ፤ ግዝት። ካህን መስቀሉን ከፍ አድርጎ ከገዘተ የተገዘተው ሰው በገጠር እንደ ታሰረ ይቆጠራል፤ ሰው ይሸሸዋል፣ እሱም ራሱ እንቅልፍ ያጣል። ግዝት ለከባድ ጥፋትና ለማይመለስ ሰው የተሰጠ ነው። በተግባር ግን ለጠፋ በግ፣ ለድንበር ክርክር፣ አንዳንዴም ለቄሱ የግል ቂም ሲውል ይታያል። እዚህ ላይ ልጓሙ ላልቷል ብል ማንም የሚቃወመኝ አይመስለኝም። በሥርዓቱ ያላግባብ የተገዘተ ሰው ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ፣ ከዚያም ወደ ወረዳ ቤተ ክህነት፣ ከዚያም ወደ ሀገረ ስብከቱ አቤት ማለት ይችላል፤ ይህን የሚያውቅ ገበሬ ግን ጥቂት ነው።

ካህኑ ዝቅ የሚልበት ቀን በዓመት አንድ ጊዜ በአደባባይ ይታያል። በጸሎተ ሐሙስ፣ የወይራና የወይን ቅጠል የተነከረበት ውኃ ይቀርባል፤ ካህኑ ወገቡን ታጥቆ የምእመናኑን እግር ያጥባል። ጌታ የሐዋርያቱን እግር ያጠበበትን የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13ን በሥራ መድገም ነው። በማግሥቱ፣ በስቅለት ዕለት፣ ነገሩ ይገለበጣል፦ ሕዝቡ ቀኑን ሙሉ ሲሰግድ ውሎ በመጨረሻ በካህኑ ፊት ያልፋል፤ ካህኑ ጀርባውን በወይራ ቅጠል ጠብ ጠብ እያደረገ የሚሰግደውን ቁጥር ይነግረዋል። ሁለቱ ቀናት ተነጣጥለው አይታዩም። ዓርብ የሚቀጣው እጅ ሐሙስ እግር ያጠበው ነው። የሐሙሱን በሩጫ አልፎ የዓርቡን በሙሉ ኃይል የሚያደርግ ደብር ካለ ግማሹን ትቷል።

ስለ ኑሮውም ትንሽ እንበል፤ ትሕትናም ትዕቢትም ከሆድ ጋር ዝምድና አላቸውና። ከ1967 ዓ.ም. በፊት ቤተ ክርስቲያን ሰፊ መሬት ነበራት፤ ካህኑ የሚኖረው ለአገልግሎቱ በተሰጠው መሬት ነበር። በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሲሆን ይህ ቀረ። ካህኑ እንደ ማንኛውም ገበሬ ድርሻውን አግኝቶ ማረስ ጀመረ። ከዚህ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1965 ዓ.ም.፣ በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ቃለ ዓዋዲ የሚባለው ደንብ ወጥቶ በየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ እንዲቋቋም አድርጓል፤ ደንቡ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። በሰበካ ጉባኤ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አብረው ይቀመጣሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ የሚቆጠረው በካህኑ ብቻ አይደለም፤ ምእመኑም ያየዋል። እኔ ከልጓሞቹ ሁሉ ይህን እንደ ትልቅ አድርጌ አየዋለሁ፤ በከተማ ትልልቅ አድባራት ስለ ገንዘብ የሚነሡት አሳፋሪ ክርክሮች ብዙ ጊዜ ሰበካ ጉባኤው ሥራውን ካለመሥራቱ ጋር ይያያዛሉ። በዋግ ገጠር ደግሞ የሚቆጠረው ገንዘብ ጥቂት ስለሆነ ጠቡም ያንኑ ያህል ነው።

የካህኑ ቃል በኑሮ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያሳይ አንድ ጉዳይ አለ፤ ጾም። አንድ ተራ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን ያላነሰ ይጾማል። ዋግ ኽምራ ደግሞ በተደጋጋሚ ድርቅ የሚመታ፣ የሕፃናት መቀንጨር የከበደበት አገር ነው፤ መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መቀንጨርን ለማጥፋት ቃል የገባበት ሰነድ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተባለውም በዚሁ ነው። በሥርዓቱ ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን አይጾምም። ነፍሰ ጡር፣ አራስና ሕመምተኛም እንደ አቅማቸው ይታያሉ። ችግሩ ሕጉ ላይ ሳይሆን እናቲቱ ላይ ነው። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ «ብዪ» ብትላት፣ ጎረቤት ምን ይለኛል ብላ ትፈራለች፤ ለሕፃኑ የምትቀቅለው እንቁላል የሁዳዴ ድስቷን ያረክስባት ይመስላታል። ንስሐ አባቷ ቤት ገብቶ «ለልጁ ለብቻ ቀቅዪለት፣ አንቺም እስክትበረቺ ተፈትተሻል» ካላት ግን ነገሩ አለቀ።

ስለዚህ የጤና ባለሙያዎች በዚህ ሥራ ካህናትን ከጎናቸው ማሰለፋቸው የተገባ ነው። ለካህኑም የትሕትና ፈተና ነው፦ ከእሱ ዕድሜ በግማሽ የምታንስ ልጅ ስለ ምግብ የምታውቀውን ቁጭ ብሎ መስማት አለበት። ሰምቶ የሚያስተምር አለ፤ ሃይማኖት ሊያስለቅቁን ነው የሚልም አለ። ሁለተኛው የሚከላከለው የቤተ ክርስቲያኒቱን ሕግ አይደለም፤ ሕጉ ከእሱ ይራራል።

በከተማ የሚታየው ሌላ በሽታ ማዕረግ ነው። ሊቀ ካህናት፣ መልአከ ሰላም፣ መልአከ ብርሃን፣ ሊቀ ትጉሃን፤ ስሙ እየረዘመ ሄዶ ሰውየው ከስሙ ኋላ ይጠፋል። ከዚህ ጋር አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ማስታወስ ደስ ይላል። በ1968 ዓ.ም. ሦስተኛው ፓትርያርክ ሆነው ሲመረጡ አባ መላኩ ወልደ ሚካኤል የሚባሉ፣ በወላይታ ለብዙ ዓመት የኖሩ መናኝ መነኩሴ ነበሩ። አቡነ ቴዎፍሎስ በደርግ ከመንበራቸው ወርደው ታስረው ሳለ መመረጣቸው ነገሩን መራራ አድርጎታል፤ ዛሬም ክርክሩ አላበቃም። ነገር ግን በባዶ እግራቸው የሚሄዱ፣ በጾም የከሱ ፓትርያርክ ነበሩ፤ እስካረፉበት እስከ 1980 ዓ.ም. ድረስም ኑሯቸውን አልለወጡም። ማዕረጉ የአገሪቱ ትልቁ ነበር።

የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አባላትም የአገልጋይን ሥልጣን ማን ይይዘዋል የሚለውን ጥያቄ በራሳቸው መንገድ ይጠይቃሉ። መካነ ኢየሱስ የተሾሙ አገልጋዮቿን ቄስ ስትል ሌሎቹ መጋቢ ወይም ፓስተር ይላሉ፤ ሽማግሌዎች ከአገልጋዩ ጋር አብረው ይመራሉ። በ1971 ዓ.ም. በደርግ የተገደሉት የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው መንጋቸውን ጥለው አልሄዱም። አቡነ ቴዎፍሎስም የተገደሉት በዚያው ዓመት ነው። በቅርብ ዓመታት በቴሌቪዥን የምናያቸው አንዳንድ «ነቢያት» ግን ሽማግሌም፣ ጉባኤም፣ ኦዲትም የላቸውም፤ በላያቸው ማንም የለም። እንደነሱ ዓይነት ሰው ከተዋሕዶም ሊወጣ ይችላል፤ አጥማቂ ነኝ ብሎ ከደብርና ከጳጳስ ፈቃድ ውጭ ሕዝብ የሚሰበስብ ባሕታዊ እዚያው ጎራ ነው።

አንባቢ በተግባር የሚጠይቀው አንድ ነገር ይቀራል። ድርቁም፣ በ2013 ዓ.ም. የጀመረው የሰሜኑ ጦርነትም ብዙ የዋግ ሰው ከቀዬው አፈናቅሏል፤ ሥራ ፍለጋ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ የሄደውም ብዙ ነው። ንስሐ አባቱ ሰቆጣ፣ እሱ አዲስ አበባ የሆነ ሰው ምን ያድርግ? መንገዱ አስቸጋሪ አይደለም። ንስሐ አባትን ያለ ምክንያት መለዋወጥ አይገባም፤ ርቀት ግን በቂ ምክንያት ነው። ለቀድሞው ንስሐ አባት ደውሎ ወይም ሰው ልኮ መሰናበት፣ ከዚያ በሚኖርበት አጥቢያ በሰበካ ጉባኤው ተመዝግቦ ሌላ ካህን መያዝ ነው። አዲሱን ሲመርጥ ድምፁንና ማዕረጉን ትቶ ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይበጀዋል፦ ስንት ንስሐ ልጅ እንዳለው፣ ቤት ድረስ ይመጣ እንደሆነ፣ ገንዘብ በምን ጊዜ እንደሚቀበል። የንስሐ ልጆቹ ቁጥር ከመብዛቱ የተነሣ ስማቸውን የማያውቅ ካህን የከተማ ችግር ነው፤ እንዲህ ያለውን ትቶ ጊዜ ያለውን ወጣት ቄስ መያዝ ነውር የለበትም። አዲሱ ንስሐ አባት ኽምጥኛ የሚችል ከሆነ ደግሞ፣ አማርኛ የማይቀናቸው እናት ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲመጡ በቋንቋቸው ሊናዘዙ ይችላሉ።